ትልቅ ነገር ያልሠራ ሰው ሕይወቱ ዓላማ አለው ይባላል?

ጠያቂ፦ የሆጤ ነዋሪ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ ከሠላሳዎቹ አጋማሽ አልፏል፤ ትዳር አልያዝኩም። ያደግሁት በክርስቲያን ቤት ነው፤ በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ዘምሬአለሁ፤ አሁንም እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ አልቀርም። ነገር ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ በተለይም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ገብቶ ተሰደን ከተመለስን በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን ቆሜ የምሰማው ሁሉ ከጆሮዬ አልፎ ወደ ልቤ አይወርድም። አልካድኩም፤ ፈጣሪንም አላማረርኩም፤ ደርቄአለሁ ብል ይቀለኛል።

በዚህ ላይ በስልኬ የማደምጣቸው ሰባኪዎች፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ወገን፣ ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ሰው ያዘጋጀው ትልቅ ዓላማ እንዳለና ያንን ፈልጎ ያላገኘ ሰው ዕድሜውን እንዳባከነ ይናገራሉ። ከአብሮ አደጎቼ አንዱ ባሕር ተሻግሯል፣ ሌላው አዲስ አበባ ድርጅት ከፍቷል፤ እኔ ግን ከሥራ ስወጣ የሚጠብቀኝ እናቴን ማስታመም ነው። እናቴ መንቀሳቀስ ከተሳናት ቆይታለች። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ፊቷንና እግሯን አጥባታለሁ፤ ማታ ስመለስ ጀርባዋን አሽቼ አገላብጣታለሁ፤ የቀረውን እኅቴ ትሸፍናለች።

ግራ ያጋባኝ ነገር ይህ ነው። ግድግዳ የሚያዋስኑን ሙስሊም ጎረቤታችን፣ እኛ እማማ የምንላቸው አዛውንት፣ ከሰዓት በኋላ ጀበናቸውን ይዘው ይመጡና ከእናቴ አልጋ አጠገብ ቡና ያፈላሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ እናቴም «አሜን» እያለች በልቧ ግሸን ማርያምን ትማጸናለች። ቅዳሜ ከሥራ ቀደም ብዬ ስመለስ ይህንን ካየሁ፣ በቅዳሴ ያጣሁት ነገር እዚያ ያለ ይመስለኛል። ይህ እምነት ነው ወይስ የሰው ደግነት የሚፈጥረው ደስታ ብቻ? እናትን በማጠብና ከጎረቤት ጋር ቡና በመጠጣት የሚያልፍ ሕይወትስ ዓላማ አለው ሊባል ይችላል? ከሁለቱም ሃይማኖት የሆናችሁ የአገሬ ሰዎች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። «አብሽር፣ ያልፋል» የሚለውን ግን ሰፈር ውስጥ ጠግቤዋለሁና ጠለቅ ያለ ነገር እጠብቃለሁ።

ምላሽ፦ የደብር አገልጋይ (ሐይቅ)

ወንድሜ፣ እኔ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግሁና አሁን በሐይቅ አካባቢ በአንዲት የገጠር ደብር የማገለግል ሰው ነኝ። ደርቄአለሁ ያልከው ነገር አንተ የጀመርከው አይደለም። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ፣ ነፍስ የምትጨልምበት ጊዜ በትጉሃን ላይ ሳይቀር እንደሚመጣ ይናገራል፤ መድኃኒቱም ስሜቱ እስኪመለስ ሥርዓቱን አቋርጦ መጠበቅ ሳይሆን በአቅም ይዞ መጽናት ነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት መቆምህን እንደ ባዶ ልማድ አትቁጠረው፤ ምንም ሳይሰማው የሚቆም ሰው ምናልባት ደስ እያለው ከሚቆመው የበለጠ ዋጋ እየከፈለ ነው።

ስለ ዓላማ በሚነገረው ግን ከሰባኪዎቹ ጋር አልስማማም። ጌታችን ማስተማር ሲጀምር ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ያህል እንደ ነበረ ቅዱስ ሉቃስ ጽፏል። ከዚያ በፊት ስላለፈው ዘመን የተነገረን እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ በናዝሬት ለእናቱና ለዮሴፍ እየታዘዘ ማደጉ ይገኝበታል። ብዙ ሰው ያንን ረጅም ዘመን ለኋላው ትምህርትና ተአምር መሰናዶ ብቻ አድርጎ ያነበዋል፤ እኔ ግን አምላክ ሰው ሆኖ በአንድ መንደር ውስጥ፣ ማንም ሳያውቀው፣ እንጨት ሲጠረብና እህል ሲፈጭ መኖሩ ራሱ የማዳኑ ሥራ አንድ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ለሰው ዓይን የማይታይ ኑሮ ለእርሱ የሚያንስ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ባልኖረበት ነበር።

ደጃችን ላይ ካለው ታሪክም አንድ ነገር ልጥቀስ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ሲመሩ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ በኋላ አገር ያስተማሩ ደቀ መዛሙርትን አፍርተዋል። ገዳሙ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ይህንን ታላቅነት ነው። ነገር ግን እርሳቸው ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላት የብራና መጽሐፍ የፍየል ቆዳ ሲፋቅ፣ በቋሚ ተወጥሮ ሲደርቅ፣ ቀለም ሲበጠበጥ፣ መቃ ሲቀረጽና አንዱ መስመር ከሌላው ሥር ሲጻፍ ባለፉ ቀናት የተገኘ ነው። ቆዳ የሚፍቀው ወንድም ያን ዕለት ስለ ዓላማው ቢጠየቅ ኖሮ ቆዳውን ከማሳየት ሌላ የሚለው ነገር ያለው አይመስለኝም።

የእናትህን እግር ማጠብህን በተመለከተ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናንን እግር የሚያጥቡት ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበትን ለማሰብ ነው፤ አንተ ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚታሰበውን በየማለዳው ታደርገዋለህ። ብቻ አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ፦ በእናትህ አልጋ አጠገብ ያገኘኸውን ጸጥታ በቅዱስ ቁርባን ቦታ አትተካው። ቅዳሴውን ስለማይሰማህ ብትተወው፣ ነገ የእናትህንም እግር ማጠብ ስለማይሰማህ የምትተውበት ምክንያት ታገኛለህ።

ምላሽ፦ የልጆች እናት (ሸዋበር፣ ደሴ)

ሰላም በሁላችሁም ላይ ይሁን። እኔ ሙስሊም ነኝና ስለ ጎረቤትህ ትንሽ ላስረዳህ፤ ስለ እሳቸው የጻፍከው ደስ ቢያሰኘኝም ግማሹን ብቻ ያየህ ይመስለኛል። እማማ ለእናትህ ቡና የሚያፈሉት ደግ ስለሆኑ ብቻ ላይሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ የጎረቤት ሐቅ የሚባል ግዴታ አለ። ጂብሪል ስለ ጎረቤት አደራ ማለቱን ከማብዛቱ የተነሣ ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ ድረስ መድረሳቸውን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ ይህ ሐቅ ጎረቤቱ ሙስሊም ባይሆንም አይቀርም። ያገለግላቸው የነበረ አንድ የአይሁድ ልጅ በታመመ ጊዜም ራሳቸው ሄደው ጠይቀውታል። እንግዲህ አንተ በር ላይ ሆነህ ደግነት ብለህ ያየኸው ነገር ለእሳቸው ዒባዳ፣ ማለትም አምልኮ፣ ሊሆን ይችላል። እምነት ነው ወይስ የሰው ደግነት ብለህ ሁለቱን መለየትህ ራሱ ከአልጋው አጠገብ ላሉት ለሁለቱ እናቶች የሚገባቸው አይመስለኝም።

ከአላህ ዘንድ ተወዳጅ የሆነው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ በሐዲስ ተነግሯል። ርኅራኄና ለስላሳነትም በአንድ ነገር ውስጥ ሲገባ እንደሚያስውበው፣ ሲወጣም እንደሚያበላሸው ከእናታችን ዓኢሻ ተላልፏል። እኔ ከእነዚህ ከሁለቱ የተረዳሁት ትንሹን ሥራ ትልቅ የሚያደርገው ኒያው፣ ማለትም የልብ ሐሳቡ፣ እና መዘውተሩ መሆኑን ነው። እቃ የሚያጥብ ሰው ለቤተሰቡ ንጽሕናና ለአላህ ውዴታ ብሎ ካጠበ ምንዳ አለው፤ እየተራገመ ካጠበ ግን እቃው ብቻ ይጸዳል።

አሁን ደግሞ ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገውን ልበል። የዕለት ኑሮን ገርነት የሚያወድሱ ጽሑፎችን ሳነብ፣ ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ ቡናውን የሚጠጣው እንጂ የሚያፈላው አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ማን ሞላ? ከሰሉን ማን አቀጣጠለ? ከአቦሉ እስከ በረካው ጭስ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ማን ነው? ሲኒውንስ ማን አጠበ? ለዱዓ በምንሰባሰብበት በወዳጃ ጊዜ ወንዶቹ ተቀምጠው ዱዓውን ሲመሩና መንዙማውን ሲያወጡ ነፍሳቸው ትረካለች፤ ሴቶቹ ደግሞ ጓዳ ውስጥ «አሚን» እያሉ ያቦካሉ። ይህንን የምለው ልማዱን ለማጣጣል አይደለም፤ እኔም በዱዓ ቤት ያደግሁና ጓዳ ውስጥ ሆኜ ብዙ ጊዜ ልቤ የተነካ ሴት ነኝ። የምለው ሰላሙ የሚገኘው በሥራው ውስጥ ከሆነ ሥራውም ይከፋፈል ነው። አንተ እናትህን ማጠብህ ያስከበረህ ለዚህ ነው። ቅዳሜ በር ላይ ቆመህ ከመመልከት ይልቅ ግን ገብተህ ከሰሉን አራግብላቸው፤ እማማም የዕድሜ ባለጸጋ ናቸው፣ ጀበና ማንሣት የሚከብዳቸው ቀን አለ።

ምላሽ፦ የወረኢሉ ልጅ

በአክብሮት የተለየ ሐሳብ ላቅርብ። ወሎ ገራገር ነው፣ ተቻችሎ ይኖራል፣ ባለው ረክቶ ያመሰግናል እየተባለ ሲወደስ እሰጋለሁ። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ ገበሬውን ሲፈጀው፣ ሰው ከብቱን ጨርሶ ወደ መንገድ ዳር ሲወጣና እዚያው ሲወድቅ መንግሥት ነገሩን ሸሽጎ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን እዚህ ድረስ መጥተው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ለተማሪዎች እስኪያሳዩ፣ በኋላም በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ፣ የዚያ ሁሉ ሕዝብ ሞት ለሌላው ዓለም እንዳልነበረ ነበር። በዚያን ጊዜም ቡና ይፈላ፣ ዱዓ ይደረግ፣ ማኅበር ይጠጣ ነበር።

ስለዚህ ትንንሹ ደግነት ይበቃል የሚለው አሳብ ሰውን እንዳያስተኛው እጠነቀቃለሁ። የእናትህ ሕመም ሐኪም ይፈልጋል፤ የሠፈርህ ውሃ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ጾም ሲናገር የበደልን እስራት መፍታትንና እንጀራን ለተራበ መቁረስን አንድ ላይ ያነሣል፤ እኛ ግን ሁለተኛው ስለሚቀልለን እርሱን እንይዝና የመጀመሪያውን እንረሳለን። እምነት ሰውን ለስላሳ ብቻ አያደርገውም፤ አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍ ይነሣዋል። ጠያቂው የተሰማውን ነገር አልንቅም፤ ነገር ግን የሕይወትን ዓላማ በአንድ ክፍል ውስጥ ጨርሶ ማግኘት ይቻላል ብዬ አላምንም።

ምላሽ፦ የቅሬ ጸሐፊ (ኮምቦልቻ)

የወረኢሉው ወንድማችን ያነሣው እውነት ስለሆነ አልከራከረውም፤ ግን ገርነትን እንደ ስሜት ብቻ ካየነው ነው ሰውን የሚያስተኛው። እኔ በሰፈራችን የቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ የእኛው ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ ነው። አሠራሩን ለማያውቁ ላስረዳ፦ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ተራ የደረሳቸው ሰዎች ዶማና አካፋ ይዘው ይወጣሉ። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ በተቻለ መጠን ቶሎ መቀበር ስላለበት ሥራው ይፈጥናል፤ ክርስቲያኑ ከሙስሊሙ እኩል ይቆፍራል፤ ሶላቱ ሲሰገድ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ሟቹ ክርስቲያን ሲሆን ሙስሊሙ ቃሬዛውን ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያደርሳል፤ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ይቆያል። ቃሬዛው ለሬሳ ብቻ አይደለም፤ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የያዛት ሴትም ትወሰድበታለች።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ምን ተሰማህ ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ተገኝተሃል ወይስ አልተገኘህም፣ አካፋህስ የት አለ ነው። የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው ደግሞ ሞት በቤቱ ሲመጣ ብቻውን ይቀራልና ቅጣቱን ማንም አይንቀውም። ለሟቹ ያለቀሰውም፣ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ የነበረውም እኩል ይቆፍራል። እንዲያውም ተጣልቶ የነበረው ሰው አፈሩን ሲያወጣ ፊቱን ማየት ነው፤ እርቅ ያልጨረሰውን አንዳንድ ጊዜ ዶማው ይጨርሰዋል። ሸዋበሯ እኅታችን ሳትናገረኝ ልቅደም፦ ንፍሮውን የሚቀቅሉት፣ ሐዘንተኛውን ሰንብተው የሚያስተዛዝኑት ሴቶቹ ናቸው፤ በመዝገቤ ላይ ግን ስማቸው በባሎቻቸው ስም ሥር ነው የሚገኘው። በሚቀጥለው ስብሰባ ላነሣው አስቤአለሁ፤ ሽማግሎቹ እንዴት እንደሚቀበሉት እንጃ።

ስለ ጠያቂው ድርቀት የምለው ከዚህ የመጣ ነው። እኔ በጣም አማኝ ሰው አይደለሁም፤ ወይም እንደሆንኩ እርግጠኛ አይደለሁም። ነገር ግን ከቀብር ስመለስ፣ እጄ ላይ አፈር እያለ፣ የሰው ልጅ ለምን እንደተፈጠረ የሚጠይቀው ጥያቄ የተመለሰ ባይሆንም ያን ያህል አያስጨንቀኝም። ምናልባት ዓላማ የሚባለው ነገር አስቀድሞ ታውቆ ከዚያ የሚኖርበት ሳይሆን፣ ሰው ባንተ ላይ መቁጠር ሲጀምር የሚበቅል ነገር ይሆናል። አንተ ላይ እናትህ ትቆጥራለች። በቅሬ ውስጥ ካለህም ሰፈርህ ይቆጥርብሃል፤ ከሌለህ ግባ። ደግሞ ለወረኢሉው ወንድሜ፦ ውሃ እንዲስተካከል ቀበሌ ድረስ ሄዶ የጮኸው የእኛ ሰፈር ሰው የተሰባሰበው በቅሬው ጥሩምባ ነበር። የማይተዋወቅ ሰው አብሮ አይጮህም።

ጠያቂው በድጋሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሸዋበሯ እኅቴ አስተያየት አሳፍሮኛል ብል ውሸት አይሆንም፤ ከሰል ማራገቡን ግን እማማ እሺ የሚሉኝ አይመስለኝም፣ ወንድ ልጅ ከምድጃ ዳር ሲቀመጥ ይሥቃሉ። የወረኢሉው ወንድሜ ስለ ሐኪም ላነሣኸው፣ እናቴ በሐኪም ክትትል ላይ ናት፤ ከዚህ በኋላ የሚደረገው ማስታመም እንደሆነ ተነግሮናል። ቅሬ ውስጥ በአባቴ ስም አለሁ፤ አባቴ ካረፈ በኋላ ግን መዋጮውን እየላክሁ ተራዬን ለሌላ ሰው በገንዘብ ሳስደርግ ነበርና እርሱን ማሰብ አለብኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ለመስከረም 21 ግሸን ውሰደኝ ትላለች። የዚያን ዕለቱን ሕዝብ ብዛትና የአምባውን አቀበት ታውቃላችሁ፤ አልችልም ማለትም አልችልም። የደብር አገልጋዩ ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦ የደብር አገልጋይ (ሐይቅ)

በንግሡ ዕለት አትውሰዳት። ሕዝቡ ከየአገሩ ስለሚጎርፍ ጤነኛም ይጨነቃል፤ በቃሬዛ የተያዘ ሰው መተላለፊያ ያጣል። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ መንገዱ ሲደርቅና ሰው ሲቀንስ፣ ሐኪሟ መጓዝ ትችላለች ካለ፣ መኪና እስከሚደርስበት ሄዳችሁ የቀረውን በሸክም ማድረስ ይቻላል፤ ማርያም በመስከረም 21 ብቻ አይደለችም እዚያ ያለችው። ሐኪሙ ከከለከለ ግን በዓሉን በቤቷ ታክብር፤ የሰፈራችሁን ካህን ጠርተህ ጸሎት ያድርሱላት፤ ስለቷንም ከደብራችን በእግራቸው ከሚወጡት ምእመናን ጋር እልክላታለሁ፤ ሲመለሱ ጸበሉንና የሚቀባውን እምነት ያመጡላታል። የክርስትና ስሟንና ስለቷን በግል መልእክት ጻፍልኝ። እማማም የሚሳሉት ነገር ካለ ጠይቃቸው፤ ከእኛ ጋር ወደ ግሸን ስለት የሚልኩ ሙስሊም ጎረቤቶች እዚህም አሉን።